ዘጠና ሁለት ኪሎ ስንብት

ፈረንሳይ የሚኖሩ የመተማ ልጆች ባልና ሚስት ሆነው ለረጅም ዕረፍት አገራቸው ገብተው ሲመለሱ የሚያሰሙት አቤቱታ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ «የመጨረሻዋን ሳምንት ለራሳችን ብለን አስቀምጠናት ነበር፤ ማን ይስጠን!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በእንኳን ደኅና ገባችሁ ያልፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለቅሶ በመድረስ ያልቃል፤ እነሱ በሌሉባቸው ዓመታት የሞተ ዘመድ ሁሉ፣ ቀብሩ ላይ ያልቆመ ሰው ከባሕር ማዶ በመጣ ጊዜ እንደ አዲስ ይለቀስለታልና። አራተኛው በየቤቱ «እኛ ጋ ሳትቀምሱማ አትሄዱም» እየተባለ በመብል ይጠናቀቃል። የቀረችውን አምስተኛዋን ሳምንት ሁለት ሆነው ጎርጎራ ወርደው ጣና ዳር እግራቸውን ሊዘረጉባት፣ ስልካቸውን ሊዘጉባት፣ ባልና ሚስት መሆናቸውን ሊያስታውሱባት አስበው ነበር። በርበሬ ሲያስፈጩ፣ ሻንጣ ሲመዝኑ፣ ያስገቡትን ሲያወጡ፣ ያወጡትን ሲያስገቡ፣ ተሰናብተው ሳይሄዱ ሲያድሩ ታልቅባቸዋለች። ብዙው ሰው ይህን አይቶ ዘመድ ዕረፍታቸውን ቀማቸው ብሎ ይፈርዳል። ለእኔ ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። ያቺ ሳምንት ቀድሞውንም የነሱ አልነበረችም፤ የቀሪው ሰው ድርሻ ናት። ጥፋታቸው ዕረፍታቸውን የሰው ድርሻ ላይ ማስቀመጣቸው ነው።

አምስት ሳምንት ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። የፈረንሳይ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ እንዲያርፍ እ.ኤ.አ. በ1936 የሌዎን ብሉም መንግሥት ሁለት ሳምንት በሕግ ፈቀደለት፤ በ1956 ሦስት፣ በ1969 አራት፣ በ1982 አምስት ሳምንት ሆነ። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጥና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርበታል። በዚህ ሂሳብ ሊዮን ውስጥ ሳህን የሚያጥብ ሰው ገንዳ ውኃ ከተማ ላይ ወንበር ይዞ ከተቀመጠው አዲስ ተቀጣሪ ይበልጥ ያርፋል። ሕጉ ግን ቀኑን ሲቆጥር የቆላውን ወቅት አላማከረም። ፈረንሳይ በጅምላ የምታርፈው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ሐምሌና ነሐሴ ማለት አረም ነው፤ የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ይወርዳል፣ ጥቁሩ አፈር ጫማ ከእግር ያወልቃል፣ ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ ከደጋ ወርዶ በየሰሊጥ እርሻው ይሰፍራል፣ ባለመሬቱም አብሮት ነው። እንግዳው ሊያርፍ ሲመጣ ባለቤቱ ጉንበስ ብሎ ያርማል። ወንድሙ ማታ ጭቃውን ታጥቦ ሊያጫውተው አጠገቡ ቢቀመጥ ወሬው ሳይጋመስ እንቅልፍ ይጥለዋል። ልብ ለልብ የሚገናኙት ሊሄዱ ነው የተባለ ዕለት ነው፤ ያኔ አረሙም ይተዋል፣ ሠራተኛውም ለአንድ ሁለት ቀን ብቻውን ይታመናል። የመጨረሻዋ ሳምንት የምትጣበበው እንግዲህ በዘመድ ክፋት ሳይሆን በሰሊጥ ነው፤ ሰሊጡም ቢሆን የሚደርሰው እነሱ ከሄዱ በኋላ ስለሆነ ሻንጣቸው ውስጥ የሚገባው የአምናው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መተማ ራሷ ናት። ይች ከተማ ለስንቱ ኢትዮጵያዊ የመውጫ በር ሆና ኖራለች፤ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ከገባው ሰው ብዙው በዚህ አልፏል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በሩ በተቃራኒው እየተከፈተ የሚሸሽ ሰው ወደ እኛ ማስገባት ጀመረ እንጂ ከዚያ በፊት ሥራው ማስወጣት ነበር። ያኔ አወጣጡ አጭር ነው። ማታ ተነስቶ፣ ለእናቱ ነግሮም ሳይነግርም፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የደላላ ስልክ ቁጥር ይዞ ድንበሩን ወደ ሱዳኗ ገላባት ይሻገራል። ኪሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሚሸኘውም የለም። ፈረንሳይ ገብቶ ጥገኝነት ቢያገኝም የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ለሌላ አገር ሲያገለግል ለትውልድ አገሩ አያገለግልም፤ ከሸሹበት አገር ለመዝናናት መሄድ ጥገኝነቱን ራሱን ጥያቄ ውስጥ ይከታልና። እንደ ልቡ መመለስ የሚችለው ዜግነት ሲያገኝ ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ታዲያ በአንድ ሌሊት ያለ አንዳች ወረቀት የወጣ ሰው፣ ዛሬ ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ፣ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ ቀኑ ታውቆ ለመውጣት አንድ ሙሉ ሳምንት ለምን ይፈጅበታል? ያን ሌሊት ያልተደረገው ሽኝት ስላለበት ነው። ያኔ ስንቅ ያልቋጠረች እናት አሁን ትቋጥራለች፤ ያኔ ግንባሩን ያልሳመው አጎት አሁን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ይስመዋል። ውዝፍ ከነወለዱ ነው የሚከፈለው።

በዚያ ላይ እንግዳን በቀላሉ አስገብቶ በቀላሉ አለመልቀቅ በእኛ አገር ትናንት የተጀመረ አመል አይደለም። ፖርቹጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለመልእክት መጥቶ፣ መሬትም ሚስትም ተሰጥቶት፣ መሄድ ብቻ ተከልክሎ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የአገሩ መልእክተኛ እዚሁ አርጅቶ አገኘው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 ታኅሣሥ ድረስ መውጫ ፈቃድ ሲለምን ቆየና በዚሁ በእኛ ቆላ አድርጎ ወደ ሱዳኗ ሴናር ወረደ። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ መግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ ተቀምጦ፣ በ1865 ኅዳር መተማ ደርሶ፣ በቀጣዩ ዓመት ጥር ዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀረበ፤ የስንብቱን ሥርዓት የፈጸመለት በ1868 ጄኔራል ናፒየር ከነጦሩ መቅደላ ድረስ መጥቶ ነው። በደንብ የተሳካለት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ነው፤ በ1699 ከሴናር ተነስቶ በዚህ በምዕራቡ በኩል ጎንደር ገባ፣ ታላቁን ኢያሱን አከመ፣ በ1700 በምጽዋ ወጣ። ጎንደር ላይ ዓመት እንኳ አልቆየም። ሐኪም መሆኑ ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ንጉሡ ከዳነ በኋላ የሐኪም ሥራ ያልቃል፣ የዘመድ ሥራ ግን መቼ ያልቃል? የኛዎቹ ባልና ሚስት ሊተዛዘኑ የሚገባቸው ከራሳም ጋር ነው፤ ከሱ ጋር ሲነጻጸር አንዲት ሳምንት ምን አላት።

እንደ ባልና ሚስት ሆነው ረጅም ጉዟቸውን በመተማ በኩል የቋጩም አሉ፤ እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከርና ፍሎረንስ። ከካይሮ የተነሱት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1861 ነው። አንድ ዓመት ያህል አትባራንና ሰቲትን ሲከተሉ ከርመው በ1862 ጸደይ መተማ ገበያ ደረሱ፤ ከዚያ ራሃድንና ዲንደርን ይዘው ሰኔ 11 ካርቱም ገቡ። ዘመድ አልነበራቸውም፤ በርበሬ የሚያስፈጭላቸው፣ «ይችን ለልጄ አድርሱልኝ» የሚላቸውም ሰው አልነበረም። ክርክሬን የሚቃወም ሰው «ይኸው ዘመድ የሌለበት የመጨረሻ ሳምንት ዕረፍት ይሆናል» ሊል ይችላል። አልሆነም። መንፈቅ ካርቱም ተቀምጠው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ነጭ ዓባይ እንደገና ወጡ። ቤከር በ1867 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ርዕስ ላይ በጎራዴ የሚያድኑት የሐምራን ዐረቦች አሉበት፤ በዚያ ሁሉ ጉዞ አብራው የዋለችውና ያደረችው ፍሎረንስ የለችበትም። በሥርዓት የተጋቡትም በ1865 ለንደን ሲደርሱ ነው። ረጅም ጉዞ መጨረሻው ላይ ያለ ዘመድም ቢሆን ሥራ እንጂ ዕረፍት እንደማይሆን፣ ሥራውም የማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ እነዚህ ሁለት ሰዎች ጥሩ ምስክር ናቸው። ወደ ጀርባው ነገር እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ «እንግዲያው መቼ ይረፉ?» የሚለው ነው። ሰዎቹ እኮ ዓመቱን ሙሉ ለፍተዋል። ለዚህ መልሱን ከሆላንድ አገኘሁት። ተመራማሪዋ ጄሲካ ደ ብሉምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአማካይ 23 ቀን ዕረፍት የወጡ ሠራተኞችን ጤናና ደስታ በየጊዜው ጠይቀው መዘገቡ። ደስታው ቶሎ ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በስምንተኛው ቀን ገደማ ነው፤ ሥራ በተመለሱበት በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ደግሞ ወደነበረበት ይወርዳል። ሲብራራ፣ በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ጎርጎራ ላይ የተጋደመ ሰው በስምንተኛው ቀን ከተጋደመው የተረፈ ትርፍ ይዞ አይሄድም፤ ሁለቱም ሥራ ገብተው ሰባት ቀን ሳይሞላቸው እኩል ይደክማቸዋል። ዕረፍት እንደ ጋቢ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሚያርፍ ሰው መጀመሪያ ይረፍ፤ አዲስ አበባ እንደገባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ስምንት ቀን ይውሰድና ከዚያ የለቅሶውንና የግብዣውን በር ያንኳኳ።

እዚህ ላይ የቆላ ሰው ሁሉ እንደሚነሳብኝ ይገባኛል። ዓመታት ዓይኗ እስኪደክም የጠበቀች እናት፣ ልጇ አገር ውስጥ ገብቶ ስምንት ቀን ጣና ዳር ዓሣ ሲበላ መሰንበቱን ብትሰማ ምን ትላለች? የምትለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማስተዛዘኛውም በቅቤ አይከፈልም። ዋሽቶ የመግቢያውን ቀን አሳልፎ መንገርም አያዋጣም፤ ባሕር ዳር መናኸሪያ ላይ የገንዳ ውኃ ሰው አይጠፋም፤ ስልክ ደግሞ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። የሚያዋጣው እናቲቱን ወደ ላይ ማምጣት ነው። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነሐሴ ላይ ቆላው ወባና ጭቃ ሲሆን ጎንደር ቀዝቃዛ ነው፤ መንገዱ ጸጥ ባለ ቀን አሮጊቷን ከአረሙ ግርግር አውጥቶ ፋሲል ግንብ ሥር ማናፈስ ከክርስትናም ከዕረፍትም አይጣላም። እንዲያውም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ መንገዱ ስለሚያሰጋ ልጁን ወደ ቆላ ከማስወረድ ራሱ ጎንደር ወጥቶ የሚገናኝ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የከፋው ነገር ያስገደደውን መላ ሰላም ሲሆንም ይዞ መቆየት አይከፋም። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን መሆን የፈለጉ እንደሆነ እናት በጊዜ ትተኛለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሊቃውንት በኩል የሚመጣ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 60 ሰከንድ እንዲነክሩ ተደረገ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ያንኑ 60 ሰከንድ ነክረው ተጨማሪ 30 ሰከንድ እንዲቆዩ ሆነ፤ በዚህኛው ሠላሳ ሰከንድ ውኃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ይሞቃል። ከሁለቱ አንዱን ድገሙ ሲባሉ አብዛኞቹ የመረጡት ረጅሙን ነው። ሰው የሚያስታውሰው የስቃዩን ርዝመት ሳይሆን አጨራረሱን ነው ማለት ነው። እንግዲህ ተቃዋሚው «የመጨረሻዋ ሳምንት ከተበላሸች አምስቱም ሳምንት ተበላሹ፤ መጨረሻው ነው ዕረፍት መሆን ያለበት» ይላል። ሙከራውን ያነበበው ግን በጥድፊያ ነው። መጨረሻውን ያሳመረው ነገር ምን ያህል ነበር? አንድ ዲግሪ። መተማ ላይ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲነድ ለከረመ ሰው 14ም 15ም ያው በረዶ ነው፤ ልዩነቱ ግን ትዝታን ለመለወጥ በቅቷል። ባልና ሚስቱም የመጨረሻዋን ሳምንት ጎርጎራ ማድረግ አይጠበቅባቸውም፤ አንድ ዲግሪ ካሞቋት ይበቃታል።

ያቺን አንድ ዲግሪ የሚያሳጣው ኪሎ ነው። በብዙ የአየር መንገድ ቲኬቶች ላይ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቀደው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው፤ ለባልና ሚስት 92 ኪሎ ይሆናል። ሲመጡ 92ቱን የሞላው ጫማ፣ ስልክ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት፣ የልጆች ልብስ ነበር። ሻንጣው በባዶ እንደማይመለስ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ገና በአራተኛው ሳምንት «ኪሎ አላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጀመራል። የጠያቂው ልጅ ማርሴይ ነው፤ ባልና ሚስቱ ሊል ከተማ ናቸው፤ መካከላቸው ያለው ርቀት ከመተማ አዲስ አበባ ከሚያስኬደው አይተናነስም ቢሉት አይሰማም፤ ለሱ ፈረንሳይ አንድ ግቢ ናት። አክስት ደግሞ በነጠላዋ የሸፈነችውን ይዛ ትመጣና «አንቺ ልጅ፣ ይችን ታክል ነገር ምን ትከብድሻለች?» ትላለች። ይችን ታክል የተባለችው ስትመዘን አራት ኪሎ ትሆናለች። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ዕጣኑ፣ የአምናው ሰሊጥ፣ ጋቢው ተራ በተራ በእጅ በሚንጠለጠለው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ከዚያ ጸቡ ይነሳል። አማት ያነጠረችው ቅቤ ይውጣ ወይስ የእናቴ በርበሬ? ባልና ሚስቱ አምስት ሳምንት ሙሉ ድምፅ ሳያሰሙ ከርመው በ93ኛው ኪሎ ላይ ይኳረፋሉ። ጎረቤት የጋብቻ ችግር ይመስለዋል። ችግሩ የሚዛን ነው። የሚያስቀው ደግሞ ያ ሁሉ የተኳረፉበት ቅቤ የትም አይደርስም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከኛ ዓይነት አገር በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም፤ ቋንጣውና ቅቤው ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ላይ ከተያዙ የሚገቡት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው። «ባለፈው ጊዜ አልፎልን ነበር» የሚል ይኖራል፤ አልተፈተሸም ማለት እንጂ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ለዚህ መድኃኒቱን የቆላ ገበሬ ያውቀዋል። ሰሊጥ ቆሞ እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ከተጠበቀ ፍሬው ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይታጨድና ታስሮ፣ ቆሞ ይደርቃል። ሻንጣም እስከ መጨረሻው ቀን ክፍት ከቆየ የሚረግፈው ሌላ ሳይሆን ፍቅር ነው። ከመሄጃው ሦስት ቀን በፊት ይዘጋ። «ይዘጋና ሌላ ዕቃ ይመጣል፤ እንደገና ይከፈታል» ለሚለው፣ የተዘጋው ሻንጣ ሰው በሚያየው ቦታ መቀመጥ የለበትም፤ ቀድሞ ጎንደር ይሂድ። ሰው የሌለ ሻንጣ ላይ ዕቃ መጨመር አይችልም። በተረፉት ሦስት ቀናት ሰው ባዶ እጁን ይመጣል፤ ባዶ እጁን ሲመጣ ደግሞ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ልጅ ሆነው የሰረቁትን ሙዝ ያነሳል። ያቺ ናት አንድ ዲግሪዋ።

አሁን ወደ ጀርባው ልመለስ። የመጨረሻዋ ሳምንት የቀሪው ድርሻ ናት ስል፣ ድርሻውን የሚከፍለው ማን ነው የሚል ቢጠይቀኝ አግባብ ነው፤ ከተቃውሞዎቹም ሁሉ ሙሉ መልስ የሌለኝ ለዚህ ነው። በርበሬውን የምትቀነጥሰው፣ የምታስፈጨው፣ ዕቃውን በየከረጢቱ እያሰረች ስም የምትጽፍበት ሚስት ናት። ባል በዚያ ሰዓት ይሸኛል። መሸኘት ማለት በየጓደኛው ቤት ተቀምጦ «ሳትሄድ አንድ እንኳ» እየተባለ መጠጣት ነው፤ ማታ ገብቶ ደከመኝ ይላል። ድካሙ ሐሰት አይደለም፤ ከሷ ድካም ጋር ግን አይመዘንም። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይህ ካልተስተካከለ ለሴቷ ተጨማሪ ጫና ከመሆን አያልፍም፤ ዕረፍቱን መጀመሪያ ላይ ብታገኘውም መጨረሻው ላይ በእጥፍ ትከፍለዋለች። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሚዛኑን ባል ይያዝ። ለአክስቱ «እትዬ፣ ኪሎ ሞልቷል» የሚለው እሱ ይሁን። ሚስት ስትለው ንፉግነት ይሆናል፤ የባል ዘመድ ፊት እንዲህ የምትባል ሴት እስከሚቀጥለው ጉብኝት ስሟ በበጎ አይነሳም። ልጃቸው ሲለው የአየር መንገድ ጥፋት ይሆናል። የመጨረሻዋን ሌሊት የማን ቤት ይደሩ የሚለውን ክርክርም ከአሁኑ ቢቆርጡት ይሻላል፤ አንዷን የመጀመሪያ፣ አንዷን የመጨረሻ ሌሊት ሰጥቶ በሚቀጥለው ጊዜ መገልበጥ ነው።

«ዘመድስ ይህን ያህል ሊሰጠው ይገባዋል ወይ? የሚመጣው ለገንዘብ አይደል?» የሚል ሰውም አይጠፋም። ለገንዘብ የሚመጣ አለ፤ መደበቁ አያስፈልግም። እሱ ግን የሚመጣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ገንዘቡ ሳያልቅ። በመጨረሻዋ ሳምንት ሄደው ሄደው ኪሳቸው የተራገፈ ባልና ሚስት ቤት ማልዶ ጉልበቱን እያሻሸ የሚመጣው ሽማግሌ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ በሚቀጥለው የፈረንሳይ ነሐሴ መኖሩን እርግጠኛ አይደለም። ባልና ሚስቱ ይህን ጉብኝት በሌላ ጉብኝት ይደግሙታል። ለሱ ዳግመኛ ላይኖር ይችላል። ሁለቱን ድርሻዎች ሚዛን ላይ ካወጣናቸው የሚከብደው የማን እንደሆነ ለመናገር 23 ኪሎ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ክረምት ቲኬት ለምትቆርጡ፣ ዕረፍታችሁን ከፊት አድርጉት፤ እናታችሁን ወደ ደጋ አውጧት፤ ሻንጣውን ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ዝጉና ጎንደር ላኩት፤ ሚዛኑን ባል ይያዘው። ቅቤውንና ቋንጣውን እዚሁ ከቤተሰቡ ጋር ጨርሱት። ማር ግን ይገባል፤ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ነው።